አርባ አንድ ቁጥር በርሜል

ኢሽቤል ማክፊ ምንም ሳይሸታት ለአምስት ወር በአፍንጫዋ እንጀራ በላች። ይህ ሳያንስ፣ በደንብ የሚሸተውን ሰው አፍንጫው እንደሞተ አሳመነችው። ጥፋቱ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

በየካቲት ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቃት፤ ሲሄድ ግን ሽታን ይዞባት ሄደ። ይህን ያወቀችው አንድ ጠዋት ዳቦ ስትጠብስ ነው። ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ የጫማዋን ክር ስታስር፣ እናቷ ከፎቅ ላይ "ቤቱን ልታነጂው ነው እንዴ?" ስትል ቀና አለች። ወጥ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል፤ ዳቦው ከስሏል። ዓይኗ ያለቅሳል፤ አፍንጫዋ ምንም አላለም። ሳሙና አሸተተች። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቃ አሸተተች። በመጨረሻ የአባቷን የዓሣ ማጥመጃ ቦት ጫማ አነሳችና ፊቷን ከተተችበት። ምንም።

ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" አላት። ከሐኪሙ ሌላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ዝም ያለችበት ምክንያት ነበራት። ደሴቱ ላይ ባለው የፖርት ኔራ ዊስኪ ፋብሪካ የናሙና ክፍል ውስጥ ሦስት ወንበር አለ። በመጋዘኖቹ የተኛው በርሜል ሁሉ ተራ በተራ እየተቀዳ ወደዚያ ክፍል ይመጣል፤ ሦስቱ ሰዎች ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል፣ ከወንድሞቹ ጋር ያነጻጽሩታል፤ ከዚያ ይህኛው ለብቻው ይሞላ፣ ያኛው ይደባለቅ፣ ሌላው አምስት ዓመት ይተኛ ብለው ይፈርማሉ። አንዱ ወንበር የሥራ አስኪያጁ የፈርገስ ነው። የፈርገስ አፍንጫ መነጽር ለመሸከም እንጂ ለሌላ ነገር ብዙም አይረዳውም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ሁለተኛው ወንበር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሙርዶ ነበር። ሦስተኛው የኢሽቤል ነው።

ወንበሩን ያሰጣት ሙርዶ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እያለ፣ በበጋ እረፍት ጎብኚ ስታስጎበኝ፣ ሙርዶ ለጨዋታ ዐሥራ ሁለት ብርጭቆ ደርድሮ አስሸተታት። "አራተኛውና ዘጠነኛው አንድ በርሜል ናቸው" አለችው። ሙርዶ ብርጭቆዎቹን አጥቦ ሲጨርስ ለፈርገስ፣ "ይቺ ልጅ ትምህርቷን ስትጨርስ ወዲህ ትምጣ" አለው። ኤድንበራ ኬሚስትሪ ተምራ ተመለሰች። ሙርዶ በመስከረም ጡረታ ይወጣል፤ በሱ ቦታ እሷ ትቀመጣለች። ይህን የማያውቅ የደሴቱ ሰው የለም። ታዲያ በየካቲት ሄዳ "አፍንጫዬ ጠፍቷል" ትበላቸው?

ማስመሰል ካሰበችው በላይ ቀላል ሆነላት። ዊስኪው በመልኩ ሰውን እንዳያታልል ብርጭቆዎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ ስለዚህ በቀለም መገመት አይቻልም። ግን የበርሜሎቹ መዝገብ አለ። ከማሽተት በፊት መዝገቡን መግለጥ ነውር ነው፤ የሚቆልፈው ግን የለም፤ የሚገልጥ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስለሌለ። ኢሽቤል ጠዋት ጠዋት ቀድማ እየገባች ገለጠችው። ምላሷም ጨርሶ አልከዳትም፤ ጣፋጩን ከመራራው፣ የሚያቃጥለውን ከለስላሳው ይለይላታል። ከሁሉም በላይ ግን ሙርዶ ነበረላት። ደንቡ ታናሹ አስቀድሞ ይናገር ነው፤ ታላቆቹ ሲናገሩ ሰምቶ እንዳይከተል። ሙርዶ ግን አፉን መያዝ ስለማይችል ደንቡ ከተረሳ ቆይቷል። ብርጭቆውን ገና ከአፍንጫው ሳያርቅ ይናገራል። የወደደው እንደሆነ ደግሞ ጠብታ መዳፉ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁለቱን እጁን ፈትጎ፣ ፊቱን ይሸፍንበታል። እሱ "ፖም" ሲል እሷ "የፖም ልጣጭ" ትላለች። እሱ "ማር" ሲል እሷ "ሰም" ትላለች። ሙርዶ በዚህ ደስ ይለው ነበር። "ሰሟ አመለጠችኝ፤ ይቺ ልጅ በላችኝ" ይላል።

በግንቦት አንድ ቀን ፈርገስ ስድስት ብርጭቆ አስደርድሮ ጠራቸው። በየዓመቱ በሐምሌ የደሴቱ ሦስት ፋብሪካዎች አንድ አንድ ጠርሙስ ይዘው የመንደሩ አዳራሽ ይገናኛሉ። ጠርሙሶቹ ስማቸው እንዳይታይ በወንዶች ረጅም የሱፍ ካልሲ ይሸፈናሉ፤ ሕዝቡ ቀምሶ ያወዳድራል። ሽልማቱ ዓመቱን ሙሉ ጉራ መንዛት ነው። ፋብሪካው መቶ ዓመት የሞላው በዚያው ዓመት ነበርና ፈርገስ ዘንድሮ መሸነፍ አልፈለገም።

"ዛሬ እንደ ደንቡ እንሂድ" አለ። "ታናሽ ይቅደም። ሙርዶ፣ አፍህን ያዝ።"

"ልያዝ" አለ ሙርዶ። "እጄን ብትይዙልኝ ነው የሚሻለው።"

አምስቱን እንደምንም ተወጣቻቸው። ስድስተኛው አርባ አንድ ቁጥር በርሜል ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ የስፔን ጣፋጭ ወይን በነበረበት በርሜል፤ ከባሕሩ አጠገብ ባለው ታችኛው መጋዘን። ጠዋት ያነበበችው ይህን ነው። እንዲህ ያለ በርሜል ምን እንደሚሸት ደግሞ በሕይወቷ አንድ መቶ ጊዜ አሽታ ታውቀዋለች። አፍንጫዋን ብርጭቆው ውስጥ ከተተች፤ አልኮሉ ቆነጠጣት፤ ከቁንጥጫው በስተቀር ምንም የለም።

"ዘቢብ" አለች። "የብርቱካን ልጣጭ። ከኋላ ደግሞ ቆዳ። ንጹሕ ነው። እኔ ከስድስቱ ይሄን እመርጣለሁ።"

ሙርዶ የምትቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወው።

"ምኑ ነው ንጹሕ?" አለ። "እርጥብ ጆንያ ነው እኮ። ጎርፍ የገባበት ምድር ቤት። ድፉት ይሄን።"

ፈርገስ ብርጭቆውን አንስቶ ረጅም ጊዜ አሸተተ። ዘቢብ የተባለ ሰው ዘቢብ ይሸተዋል። "እኔ ዘቢቡ ይመጣልኛል" አለ።

"አንቺ ልጅ፣ እስቲ በደንብ አሽቺው" አለ ሙርዶ። "ውሃ ጨምሪበት። ውሃ ሲነካው ጉዱ ይወጣል።"

ውሃ ጨመረች። አሸተተች። "ይቅርታ ጋሽ ሙርዶ" አለች። "ምንም ጆንያ የለም።"

ይህ ቃል ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ጆንያ አልሸተታትም። ኋላ ባሰበችው ቁጥር ከሁሉ ይበልጥ ያስጠላት ይህ ነው።

ሙርዶ ጠብታ መዳፉ ላይ አፍስሶ ፈተገና ፊቱን ሸፈነ። እጁን ሲያወርድ የፊቱ ቀለም ተለውጧል። "አሁንም ይሸተኛል" አለ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "እንግዲያውስ እኔ ነኛ። አባቴም መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ሻጋታ ሻጋታ ይሸተው ነበር። የእናቴ ሹራብ ሳይቀር" አለ።

"ድካም ይሆናል" አለ ፈርገስ።

"ስልሳ ሰባት ዓመት ድካም ነው" አለ ሙርዶ።

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ኢሽቤል እስክሪብቶውን አነሳችና ፈረመች።

ሙርዶ በሚቀጥለው ሰኞ የናሙና ክፍል አልገባም። ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ፈርገስን "የቀሩኝን ወራት አትክልቱን እየኮተኮትሁ ልጨርስ" ብሎ ጠየቀው። ወሬው በአንድ ቀን ደሴቱን ዞረ። መጠጥ ቤት ሲገባ የመርከብ ትኬት የምትሸጠው ሺና፣ "ሙርዶ፣ ና እስቲ ይሄን ቢራ አሽትልኝ፤ ሻጋታ አለው እንዴ?" ትለዋለች። ሺና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሁሉንም ሰው እንዲሁ ነው የምትለክፈው። ሙርዶም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ባይስቅ ለኢሽቤል ይሻላት ነበር።

በሰኔ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልትነግረው ቆርጣ ቤቱ ሄደች። በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ኤፊ ናት።

"ጎሽ፣ መጣሽ" አለች። "ግቢና ይሄን ሽማግሌ አስታግሽልኝ።"

ሙርዶ ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ፣ ዓይኑ በዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ታስሮ ተቀምጧል። ከፊቱ ሃያ ያህል የጃም ብልቃጥ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ ኤፊ ወረቀት ለጥፋለች፤ ቅርንፉድ፣ ካምፎር፣ የጫማ ቀለም፣ የሻይ ቅጠል፣ አሮጌ ገመድ።

"ማን ነው?" አለ ሙርዶ።

"እኔ ነኝ ጋሽ ሙርዶ።"

"እሰይ። እሷን አላምናትም፤ ትሳሳልኛለች። ስሳሳት እንኳ 'ልክ ነህ' ነው የምትለኝ። አንቺ ያዥልኝ።"

"ተሳስተህ አታውቅም ስልህ አይሰማም" አለች ኤፊ።

ኢሽቤል አንድ ብልቃጥ አንስታ ከአፍንጫው ሥር ያዘችለት። "ሰናፍጭ" አለ። ወረቀቱን አነበበች፤ ሰናፍጭ ነው። ሌላ ያዘች። "ሻማ። የጠፋ ሻማ፤ ያልተለኮሰ አይደለም።" ወረቀቱ ላይ "የጠፋ ሻማ" ይላል። ዐሥራ ሦስት ብልቃጥ አሸተተ፤ ዐሥራ ሦስቱንም አወቀ። እሷ አንዱም አልሸተታትም።

"ሁሉም ልክ ነው" አለችው።

ሙርዶ ፎጣውን ፈታ። ደስ ያለው አይመስልም። "ትልልቁን ማን ያጣዋል" አለ። "ሰናፍጭማ ፈረስም ያውቃል። እኔን የከዳኝ ስስ ስሱ ነው። በሌለበት እየሸተተኝ፣ ባለበት ደግሞ ምን እንደቀረብኝ በምን አውቃለሁ? አንቺ ባትኖሪ ኖሮ አርባ አንድን የመሰለ በርሜል አስደፍቻቸው ነበር።"

አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ኤፊ ሻይ አስቀመጠችላት፤ ወተቱን ራሷ ቀዳችላት፣ ብስኩቱን አስጠጋችላት። ኢሽቤልም በተከፈተው አፏ ስለ ዝናቡ ተናገረች። በዚህ ዓመት ዝናቡ እንደበዛ። እውነትም በዝቶ ነበር።

ስትነሳ ሙርዶ ከመሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት። ብርጭቆው ነው፤ ሆደ ሰፊ፣ አፈ ጠባብ፣ ከንፈሩ ላይ ትንሽ የተሸረፈ፤ አባቱም ያሸተተበት። "ከኔ ጋ ማንኪያ ማስቀመጫ ሊሆን ነው" አለ። ተቀበለችው። በዚህ ዓለም አልቀበልም የሚባል ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ ተቀበለችውና አመስግና ወጣች።

የሐምሌው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰዉ አዳራሹ ውስጥ ጢም አለ። የአዳራሹ በር በባሕር እርጥበት ያበጠ ነው፤ ገብቶ የሚዘጋው ሁሉ ሁለቴ ሦስቴ ይገፋዋል፤ በደንብ ያልገፋው ላይ "በሩን" እየተባለ ይጮሃል። መድረኩ ላይ ሦስት ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች ቆመዋል፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ። መሪዋ ሺና ናት። ኢሽቤል ከፈርገስ ጎን ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ የሙርዶን ብርጭቆ ይዛለች። ሁሉም ያውቀዋል ብርጭቆውን። ሙርዶ ራሱ ከኤፊ ጋር መስኮቱ ሥር ነው።

ቀዩ ተቀዳ። "ይሄማ የሰሜኖቹ ነው፤ የተቃጠለ ጀልባ ነው የሚሸተው" አለ አንዱ። የሰሜኑ ፋብሪካ ሰዎች አጨበጨቡ። ግራጫው ተቀዳ። "እንደ ፓስተራችን ስብከት ነው" አለች ሺና። "ይረዝማል፤ ሲያልቅ ግን ምን እንደነበረ አታስታውሱትም።" ፓስተሩ ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ።

አረንጓዴው ተቀዳ። ሰዉ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ወሬው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። ኢሽቤል የምታውቀው አረንጓዴው አርባ አንድ መሆኑን ብቻ ነው። ፊቶቹን አየች። አንዲት ሴትዮ ብርጭቆዋን አርቃ አስቀመጠችው። አንድ ሰው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

"የማን ምድር ቤት ነው ጎርፍ የገባበት?" አለች ሺና።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ውሻዬ ዝናብ ሲመታው እንዲህ ነው።"

"ካልሲው ነው ወይስ ዊስኪው?"

"ካልሲው የፈርገስ ከሆነ ካልሲው ነው።"

ፈርገስ ሳምባ መስሏል። "ቡሽ ነው" አለ ተነሥቶ። "የጠርሙሱ ቡሽ ተበላሽቶ ነው። ያጋጥማል። እናንተም ጋ አጋጥሟል።" ሰሜኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነትም አጋጥሟቸው ያውቃል። ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ነበር።

"ቆይ እስቲ" አለች ሺና፤ ወደ መስኮቱ እያየች። "ሙርዶ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

የሙርዶ ብርጭቆ እንደተቀዳ ነው። አላነሳውም። "እኔን ተዉኝ" አለ። "እኔን ሁሉም ነገር ነው የሚሸተኝ። ኢሽቤልን ጠይቋት። አፍንጫው እሷ ጋ ነው ያለው።" ምሬት የለበትም፤ የሚያውቀውን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

ሁሉም ወደሷ ዞረ። ፈርገስ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ቡሽ ነው በይ፣ ያልቃል" አላት።

ያልቅ ነበር። ቡሽ ነው ብትል ያልቅ ነበር። ሙርዶም ቤቱ ሄዶ እስኪሞት ድረስ ፎጣ በዓይኑ ላይ እያሰረ ብልቃጥ ሲያሸት ይኖራል።

ተነሣች። "ቡሹ አይደለም" አለች። "በርሜሉ ነው። ጋሽ ሙርዶ በግንቦት ተናግረው ነበር። እርጥብ ጆንያ ነው፣ ድፉት አሉ። እኔ ነኝ ንጹሕ ነው ያልሁት።"

"መሳሳት ያለ ነው" አለ ፈርገስ ፈጠን ብሎ።

"አልተሳሳትሁም። ምንም አይሸተኝም። ከየካቲት ጀምሮ አይሸተኝም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ጎረቤቱ ጎሸመው። እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ኢሽቤል ወደዚያ አላየችም።

"ዘቢቡስ?" አለ ሙርዶ። ከተቀመጠበት አልተነሣም። ድምፁ ግን ጥግ ለጥግ ተሰማ።

"ምን?"

"ዘቢብ አልሽ። የብርቱካን ልጣጭ አልሽ። ቆዳ አልሽ። ከየት አመጣሽው?"

"መዝገቡን አንብቤ።"

"ሰምስ? ያኔ ማር ስል ሰም ያልሽው?"

"ከእርስዎ ወስጄ ነው።"

ሙርዶ ራሱን ነቀነቀ፤ ሒሳቡ ልክ የመጣለት ይመስል። "ቤቴ መጥተሽ ነበር" አለ። "ብልቃጡን ይዘሽልኝ ነበር።"

ይቅርታ ማለት አሰበች፤ ቃሉን ግን በግንቦት ለማታለያ ጨርሳዋለች፤ "ይቅርታ ጋሽ ሙርዶ፣ ምንም ጆንያ የለም" ያለችው እሷው ናት።

ሙርዶ ተነሥቶ በሰዎቹ መካከል መጣ። እጁን ዘረጋ። ኢሽቤል ብርጭቆውን ሰጠችው። የቀረውን ጠብታ መሬቱ ላይ ደፋው፤ መሐረቡን አወጣ፤ ብርጭቆውን ይጠርገው ጀመር። ውስጡን ጠረገ፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ እሷ የያዘችውን እግሩን ጠረገ። አልቸኮለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እስኪበቃው ድረስ ጠረገ። ሊያዋርዳት ብሎ እንዳልሆነ ታውቃለች። የናሙና ክፍል ሥርዓቱ ነው፤ የቆሸሸ ብርጭቆ አይሸተትበትም።

"ሺና፣ ቅጂልኝ" አለ።

ሺና ያለ ቀልድ ቀዳችለት። አሸተተ። ውሃ ጠብ አደረገበትና ደግሞ አሸተተ። "እርጥብ ጆንያ" አለ። ማንም አልሳቀም። "ከበርሜሉ ክዳን በኩል ነው የገባው፤ ሻጋታው ቆይቷል። ከሥሩ ዘቢብ አለ። እሱስ ልክ ነው። ብርቱካኑ ግን ብርቱካን አይደለም፤ መራራ ነው፤ የሎሚ ቅጠል ነው። በጣም ከሥር ደግሞ…" ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ኤፊ መስኮቱ ሥር አፏን በእጇ ይዛለች። "ባሩድ። የርችት ባሩድ። ትንሽ።"

"ኧረ እውነቱን ነው፤ ባሩድ አለው" አለ አንድ የሰሜኑ ፋብሪካ ሰው፤ ብርጭቆውን መልሶ እያነሳ።

ከዚያ ሁሉም አነሳ። የሚጣል ዊስኪ ነው፤ ግን አዳራሹ በሙሉ ባሩድ ፍለጋ ገባ። "አገኘሁት" ይላል አንዱ፤ "ውሃ ጨምርበት" ይላል ሌላው፤ ሙርዶን ከበቡት። እሱም መዳፉ ላይ ጠብታ ጣል አድርጎ እየፈተገ ጎረቤቱን ያስሸታል። ኢሽቤል ከመካከላቸው ቆማለች። ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ነገሩ ፊቷ ላይ ነው፤ እሷ ግን የለችበትም።

ሙርዶ አንዴ ቀና ብሎ እንዲያያት ጠበቀች። ቢቆጣም፣ ቢሰድብም። ጀርባውን እንደሰጣት ነው፤ ሆን ብሎም አይመስልም፤ ሥራ ይዟል።

የናሙና ክፍሉን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ፈርገስ ፊት አስቀመጠችው። ፈርገስ ቁልፉን አየው፤ አላነሳውም፤ ሥራውን አትተዪው ብሎም አልለመናትም። እናቷ "ኢሽቤል" አለች፤ አንዴ ብቻ። በረድፉ መካከል አለፈች፤ ሰው ጉልበቱን ሰብሰብ እያደረገ አሳለፋት፤ አውቶቡስ ላይ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው።

ወጣችና በሩን ሳበችው። አልገጠመም። ከውስጥ አንድ ሰው፣ ማን ወጣ ማን ቀረ የማያውቅ፣ "በሩን" ብሎ ጮኸ። ተመለሰች፤ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን መቃኑ ላይ አስደግፋ ጎተተችው፤ ተዘጋ።